አራተኛው ጉድጓድ

ባለፈው የካቲት አንድ ጎልማሳ የቡታጅራውን ቤቴን በር አንኳኳ። ክራባት አስሯል፤ ጫማው ግን በመንገዱ አቧራ ነጭ ሆኗል። ከወልቂጤ ወዲያ ያለው የካቶሊክ ትምህርት ቤት ጸሐፊ መሆኑን፣ ትምህርት ቤቱም ስልሳኛ ዓመቱን ለማክበር ሽር ጉድ ላይ መሆኑን ነገረኝ። ከመጀመሪያዎቹ ሴት ተማሪዎች በሕይወት ያለነው ሦስት ብቻ መሆናችንንም እንደ ምሥራች ነገረኝ። ወንበር ስቤ አስቀመጥኩት፤ ሻይ ቀዳሁለት። ከቦርሳው ፎቶግራፍ አውጥቶ በሁለት እጁ አቀበለኝ።

"እማማ፣ ይህን ያውቁታል?"

መነጽሬን ፈልጌ አደረግሁ። የጠረጴዛ ልብስ ነው። ነጭ የነበረው ጨርቅ ቢጫ ሆኗል። መሐሉ ላይ የሣር ጎጆ፣ ከጎጆው ጀርባ የእንሰት ረድፍ፣ በእንሰቱ መሐል አራት ክብ ጉድጓዶች ተጠልፈዋል። ሦስቱ ቡናማ ናቸው፤ አራተኛው አረንጓዴ። ጥግ ላይ በቀይ ክር፣ በፈረንጅ ፊደል "ሉቺያ" ይላል።

"ዕቃ ቤት ሳጥን ውስጥ ተገኝቶ ነው" አለ ፊቱ በርቶ። "ሉቺያ እርስዎ ነዎት አሉን። በእማሆይ ዘነበች አዳራሽ ለእይታ እናቀርበዋለን። አጠገቡ ቆመው ፎቶ ቢነሡልን ትልቅ ክብር ነው።"

"በማን አዳራሽ?"

ደገመልኝ። ሻዩን እንዲጨርስ አልጠበቅሁም፤ ተነሣሁ። በር ላይ ቆሞ ለመጥሪያ ወረቀቱ ሙሉ ስሜን ጠየቀኝ።

"የከበደ ሚስት በለው፤ ቡታጅራ ሁሉ የሚያውቀኝ በዚሁ ነው።"

"የአባትዎንስ ስም?"

በሩን ዘጋሁበት። ምን ክፉ አሮጊት ናት ብሎ ሄዶ ይሆናል። ይበል፤ ከእውነቱ አልራቀም።

ያን ትምህርት ቤት የሚያሞግስ ሰው ሳገኝ ጥርሴ ይፋጫል። ሐኪም ወጥቶበታል፣ ዳኛ ወጥቶበታል፣ እውነት ነው። መጀመሪያ ያቋቋመውም የአገራችን ሰው የሆነ አንድ ደግ ቄስ ነው፤ ወንዶቹን በዋርካ ሥር ፊደል ያስቆጥር ነበር። የሴቶቹ ክፍል የተከፈተው ግን ጣሊያን ከገባ በኋላ ነው፤ ሲስተሮቹም የመጡት በወታደር ካሚዮን ነው። ይህን የኢዮቤልዩ መጽሔት አይጽፈውም።

አባቴ ይርጋ እኔን ትምህርት ቤት የላከኝ ለትምህርት ጓጉቶ አልነበረም። ከማይጨው በእግሩ ተመልሶ ገና ቁስሉ ያልደረቀ ሰው ነበር። የሰፈራችን ሹም "ልጁን ያልላከ ልቡ ሸፍቷል ይባላል" ብሎ መከረውና ላከኝ። ዐሥራ ሦስት ዓመቴ ነው። ጠዋት ጠዋት ጭቃውን እያቦካሁ፣ የገብስ ቆሎ እየቆረጠምኩ እሄዳለሁ። ግቢው ስንደርስ ተሰልፈን ቀኝ እጃችንን ወደ ላይ ዘርግተን በማናውቀው ቋንቋ እንዘምራለን። ከዚያ እጃችንን ሁለት ጊዜ በሳሙና እንታጠባለን፤ ቆጮ ትሸታላችሁ ይሉን ነበርና። ስማችን ለአፋቸው አልመች ስላለም አዲስ ሰጡን። አስካለ የነበርኩት ሴት ሉቺያ ሆንኩ።

ዘነበችን ያወቅኋት እዚያ ነው። የእኛው አገር ሴት ናት፤ አዲስ አበባ በአንድ ጣሊያን ነጋዴ ቤት ሠርታ ቋንቋውን ለምዳ ተመልሳለች። ለሲስተሮቹ ወጥ ትሠራለች፤ እኛና እነሱ ስንደናቆር ታስተረጉማለች። ጉልበታችን ሲቆስል ቅቤ የምትቀባን፣ የተረፈ ዳቦ ከመቀነቷ አውጥታ የምታካፍለን እሷ ነበረች። እወዳት ነበር። ዛሬም የሚያናድደኝ ይኸው ነው።

አሁን ስለ ጉድጓዱ ልናገር። እንሰት የማያውቅ ሰው ያነበው እንደሆነ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። በእኛ ቤት የሴት ሀብቷ ጓሮዋ ነው። ከመስቀል በኋላ ዝናቡ ሲያባራ ሴቶች ተጠራርተው ያደገውን እንሰት ነቅለው ይፍቃሉ። የተፋቀው እንሰቱ ከተነቀለበት ባዶ ቦታ ላይ ጉድጓድ ይቆፈርለታል፤ በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ፣ ድንጋይ ተጭኖበት ይቀበራል። ቆጮ የሚሆነው እዚያ ውስጥ ነው። ስንት ጉድጓድ አለሽ ማለት ስንት ዓመት ትኖሪያለሽ እንደ ማለት ነው። ሙሽራ ስትታጭ ሽማግሌዎች ቤቱን አያዩም፤ ዐይናቸውን ወደ ጓሮ ነው የሚሰዱት።

የእኛ ቤት ሦስት ነበረው። በሰፈሩ አራት ያለው የተዋበች አባት ብቻ ነው። ተዋበች አብራኝ የምትማር ልጅ ናት፤ ያቺን አራተኛ ጉድጓድ ሳታነሣ የዋለችበትን ቀን አላስታውስም።

ትምህርት ቤት በገባሁበት ዓመት፣ በሰኔ፣ አንድ ጠዋት ከእንቅልፌ ስነሣ ጓሯችን ውስጥ፣ ከችግኞቹ መሐል፣ አዲስ ጉድጓድ ተከድኖ አየሁ። ትኩስ አረንጓዴ ቅጠል ተነጥፎበታል፤ ድንጋዩም ተደርድሯል። ጠጋ ስል ቆጮ ይሸታል።

"ያንን እንዳትነኪ" አለችኝ እናቴ።

"ምንድን ነው?"

"ጉድጓድ ነዋ። የቤት ነገር ደግሞ ከአጥር አይውጣ፤ ነግሬሻለሁ።"

ጭኔን በጣቶቿ ያዝ አድርጋ ነበር የምትናገረው። ልትቆነጥጠኝ ስትል እንዲያ ታደርጋለች። እኔ ግን ሌላው አልተሰማኝም። አራት ሆንን! ከተዋበች ቤት እኩል ሆንን!

የመስቀል ቅቤ ሳያልቅ፣ የወልቂጤው የጣሊያን ጦር አዛዥ፣ ካፒታኑ፣ ትምህርት ቤቱን ሊጎበኝ ነው ተባለ። ረጅሟ ሲስተር፣ የጥልፍ አስተማሪያችን፣ ለእያንዳንዳችን ነጭ ጨርቅ ቆርጣ ሰጠችን። የየቤታችሁን መልክ ጥለፉ፤ የምትበልጠው ጫማ ትሸለማለች፣ ጨርቋም የካፒታኑ ገበታ ልብስ ይሆናል አለችን። ጫማ! በዚያን ጊዜ ከሰፈራችን ሴቶች ጫማ ያላት አንዲትም አልነበረችም።

እጄ ለጥልፍ የተፈጠረ ነበር፤ ራሴን ማሞካሸት አይሁንብኝ። ጎጆውን ጠለፍኩ። ከፊቱ ሰፊውን የሣር ሜዳ፣ ጀፎሮውን፣ ጠለፍኩ። እንሰቱን ከችግኙ እስከ ትልልቁ በረድፍ በረድፉ አቆምኩት። ጉድጓዶቹን ስጀምር ተዋበች በትከሻዬ ላይ ታጮልቃለች።

"ሦስት አይደል እናንተ?"

"ቁጠሪ" አልኳት፤ አራተኛውንም ባለበት ቦታ፣ ከችግኞቹ መሐል፣ ከሁሉ አስበልጬ ጠለፍኩት። የሌሎቹ ቅጠል ደርቆ ቡናማ ነው፤ የእሱ አረንጓዴ ስለነበር አረንጓዴ ክር ተጠቀምኩ። ያየሁትን ሳላጓድል ነው የሠራሁት። ረጅሟ ሲስተር ጉንጬን ነካ አድርጋ "ብራቫ" አለችኝ።

ካፒታኑ በጥቅምት መጨረሻ መጣ። ጨርቆቹ በረጅም ጠረጴዛ ላይ ተዘርግተዋል፤ እኛም በየጨርቃችን ኋላ ቆመናል። ወፍራምና የሚስቅ ሰው ነበር። የእኔ ጋ ሲደርስ ጓንቱን አውልቆ ክቦቹን በጣቱ መታ መታ አደረገና ምንድን ናቸው ብሎ ጠየቀ። ሲስተሯ አታውቅም፤ ዘነበችን ጠራቻት። ዘነበች ነገረችው። ካፒታኑ አፍንጫውን ይዞ ሳቀ። የተናገረውን ሁሉ ባልሰማም "ሞርቶ" የምትለውን ቃል አውቃታለሁ፤ ሙት ማለት ናት፣ በየጸሎቱ አለች። ምግባቸውን እንደ ሬሳ ይቀብራሉ ማለቱ ነበር። ሲስተሮቹም ሳቁ።

ደሜ ፈላ። በቋንቋችን ለዘነበች ነገርኳት።

"እቴ ዘነበች፣ የእኛ ቤት አራት ጉድጓድ አለው በይው። አራት ጉድጓድ ያለው ቤት የፈረንጅ ዳቦ አይለምንም በይው!"

ዘነበች አልተረጎመችም። ጨርቁ ላይ ጎንበስ አለች። ጣቷን አረንጓዴው ክብ ላይ አሳረፈች።

"ይሄኛው ከችግኙ መሐል ምን ይሠራል?"

"እዚያው ነው ያለው።"

"መቼ ተሞላ?"

"በሰኔ" አልኳት።

ከአፌ ሲወጣ ነው የሰማሁት። በሰኔ እንሰት የሚፍቅ የለም። ችግኝ መሐል ጉድጓድ የሚቆፍርም የለም፤ ሥሩ ይጎዳል። ይህን ያገራችን ሴት ልጅ ጡት ሳትጥል ጀምራ የምታውቀው ነው፤ እኔም አውቀው ነበር። የተዋበችን አራተኛ ጉድጓድ ስመኝ ዐይኔ ታውሮ ነው እንጂ።

ዘነበች ቀና ብላ ካፒታኑን ታናግረው ጀመር። "ጁኞ" ስትል ሰማኋት፤ የወሮቹን ስም በዜማ ስላስተማሩን ሰኔ ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። እዚያ ላይ ማቆም ነበረባት። የእኔ መልስ አንዲት ቃል ናት፤ የእሷ ትርጉም ግን አላልቅ አለ። ካፒታኑ ሳቁን ተወ። ጓንቱን አጠለቀ፣ ጨርቄን እንደገና አየው፣ ከዚያ በትህትና ራሱን ነቀነቀልኝ።

ሁለት ቀን ነበረኝ። ይህን የሚሰማ ሰው ሊያጽናናኝ "ልጅ ነበርሽ፣ ምን ታውቂያለሽ" ይለኝ ይሆናል። ሁለቱን ቀን ግን አያውቅም። በዚያ ምሽት ለራት ቆጮ በጎመን ቀርቦ አባቴ ከፊቴ ተቀምጦ ይበላ ነበር። "አባባ፣ ዛሬ ዘነበች ስለ ጉድጓዱ ጠየቀችኝ" ብል ኖሮ በቂ ነበር። ምን እንደተቀበረ ባላውቅም፣ ቆጮ እንዳልሆነ ገብቶኛል። ነገር ግን የቤት ነገር ከአጥር አውጥቻለሁ። የእናቴን ቁንጥጫ ፈራሁ። ቁንጥጫ! በማግሥቱም ዝም አልኩ። አባቴ በረንዳ ላይ የቃጫ ገመድ ይገምድ ነበር፤ አጠገቡ ተቀምጬ ቃጫውን አቀበልኩት፣ እሱም ሙያሽ ጥሩ ነው ብሎ ቀለደብኝ፤ እኔም ሳቅሁ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት የጣሊያን ፖሊሶች፣ ካራቢኔሪዎቹ፣ ከባንዳ ጋር ጀፎሮውን ሞልተው መጡ። መሣሪያ ደብቆ የተገኘ ይሰቀላል የሚል አዋጅ ከተነገረ ቆይቷል። ቤቱን አልፈተሹም። አፍንጫቸውን በጨርቅ ሸፍነው በሦስቱ ጉድጓዶች አጠገብ አለፉና አራተኛው ላይ ቆሙ። ድንጋዩ ተነሣ። ላዩ ላይ አንድ ክንድ የማይሞላ ቆጮ ነበር፣ እናቴ ለሽታው ያለበሰችው። ከሥሩ በቅቤ ተለውሶ፣ በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ፣ የአባቴ የማይጨው ጠመንጃ፣ ዲሞትፈሩ፣ ተኝቷል።

አባቴ እጁ ወደ ኋላ ሲታሰር ወደ እናቴ ዞረ።

"ማን ነገራቸው?" አላት።

እናቴ ራሷን ነቀነቀች። እኔ በሩ ሥር ቆሜያለሁ። አላየኝም፤ ማየትም አላስፈለገውም፤ እኔን አልጠረጠረም። ወልቂጤ ወስደው በገበያ ቀን፣ ሕዝብ ፊት ሰቀሉት። ሬሳውን አልሰጡንም። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው መከሩና እናቴ ጋቢውን አጥፋ በዚያው በአራተኛው ጉድጓድ ውስጥ ቀበረችው። አፈር ተመለሰበት፤ ተለቀሰ።

ከሐዘኑ ሳንነሣ የሲስተሮቹ ዘበኛ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር አመጣ። ጥቁር ጫማ ነው፤ አዲስ፣ ማሰሪያ ያለው። እናቴ ተቀብላ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው።

"ለምንድን ነው የሰጡሽ?"

"ቤታችንን ስለጠለፍኩ።"

"ምኑን ጠለፍሽ?"

"ሁሉንም።"

"ጓሮውንም?"

"አዎ።"

"ጉድጓዱንም?"

ዐይኔ ወደ ጓሮው ሄደ። እሷም አልደገመችልኝም። ጫማዎቹን እግሬ ሥር አኖረችና "አድርጊያቸው" አለችኝ። "ተከፍሎባቸዋል።"

እስኪያልቁ አደረግኋቸው። እናቴ አልመታችኝም፣ አልረገመችኝም፤ ለማንም አልተናገረችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ጓሮ አላስገባችኝም። ጎረቤት ሲሰበሰብ፣ እንሰት ሲፋቅ፣ ሴቶቹ ሲዘፍኑ፣ እኔ ጎጆ ውስጥ ሕፃን እጠብቃለሁ። በእኛ ሰፈር እናት ለምታገባ ልጇ የእንሰት ችግኝ ታሸክማታለች፤ ለከበደ ስዳር ለእኔ ቅቤና ጋቢ ሰጠችኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ከቆሼና ከእንሴኖ ገበያ በርበሬ እየሸመትኩ ነግጃለሁ፤ ቤት ሠርቻለሁ፤ ግቢዬ ውስጥ ግን አንድ እግር እንሰት የለም። የሰፈሬ የመስቃን ሴቶች ይተርቡኛል። ምን ብዬ ልመልስላቸው?

ዘነበችን ጣሊያን ከወጣ በኋላ አንድ ጊዜ፣ ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ አግኝቻታለሁ። መንገድ ዘጋሁባት።

"ምን ብለሽ ነው የነገርሽው?" አልኳት።

"የጠየቀኝን ተረጎምኩ" አለች።

"እሱ ምንም አልጠየቀሽም። የጠየቅሽኝ አንቺ ነሽ።"

ነጠላዋን አስተካከለችና አልፋኝ ሄደች። በስተርጅና ቆብ ደፋች፤ ወላጅ የሌላቸውን ልጆች አሳደገች ይባላል። ያሳድግላት። ከነዚያ ልጆች ስንቱን ወላጅ አልባ ያደረገችው እሷ እንደሆነች የሚቆጥር የለም።

በበዓሉ ቀን ሄድኩ። ለክብር አልነበረም። ከነጠላዬ ጥለት ሥር ትንሽ መቀስ ሰክቼ ነበር፤ ያቺን አረንጓዴ ክብ ከጨርቁ ላይ ልፈታት። ግቢው በባንዲራ አሸብርቋል። ንጹሕ የለበሱ ልጃገረዶች ይዘምራሉ። ከዳሱ የክትፎ ቅቤ ይሸታል፤ ጎመኑም፣ አይቡም፣ ቆጮውም ተሰልፏል። ዛሬ እጅ ታጠቡ የሚል የለም፤ ፈረንጆቹ እንግዶች ራሳቸው ቆጮ በሁለት እጃቸው ይዘው ፎቶ ይነሣሉ።

ካፒታኑ ሳይወስደው የቀረው ጨርቅ በአዳራሹ መሐል በመስተዋት ሥር ተዘርግቷል። ከሥሩ ወረቀት አለ፦ "ሰላማዊ የገጠር ኑሮ፤ የቀድሞ ተማሪ ሉቺያ የእጅ ሥራ።"

"መስተዋቱን አንሣልኝ" አልኩት ጸሐፊውን።

"ኧረ ይንኩት እማማ፣ የራስዎ አይደል!" ብሎ በደስታ አነሣልኝ።

መቀሱን አወጣሁ። ጫፉን ከአረንጓዴው ክር ሥር አስገባሁ። ክሩ አልደበዘዘም፤ እንዳለ ነው። ያኔ መቀሱን አቆምኩት። ጓሯችን ዛሬ የለም፤ ወንድሜ ሸጦት፣ በኋላም መንገድ ወጥቶበት፣ መኪና ያልፍበታል። የአባቴ ጋቢ የተቀበረበትን ቦታ የሚያሳይ በዓለም ላይ ያለ ምልክት ይህ ክር ብቻ ነው። እሱን ብፈታው አባቴን ሁለት ጊዜ ላስገድል ነው።

መቀሱን ወደ ጥጉ ወሰድኩትና ቀዩን ስም፣ ሉቺያን፣ ፊደል በፊደል መፍታት ጀመርኩ።

"እማማ! ቅርስ እኮ ነው!" ጸሐፊው እጄን ሊይዝ ፈለገ፤ ሳየው ተወኝ።

"እነሱ የሰጡኝ ስም ነው። መልሼ መስጠቴ ነው። ይልቅ ብዕር አምጣና ወረቀቱን አስተካክል። ጻፍ፦ ሦስቱ የቆጮ ጉድጓድ ነው። አራተኛው የይርጋ መቃብር ነው። ልጁ ቆጥራ ሰጠችው፤ ዘነበች ተረጎመችው።"

ብዕሩን አወጣ፤ ግን አልጻፈም። ዐይኑ ወደ እንግዶቹ ሄደ፣ ከዚያ ከበሩ በላይ ወደተሰቀለው ስም።

"እማማ፣ ዛሬ በዓል ነው..."

ብዕሩን ተቀበልኩትና ራሴ ጻፍኩት። ፊደሉን የቆጠርኩት እዚያው ግቢ ነው፤ ለዚህ ለዚህ አመሰግናቸዋለሁ። ምሳ አልበላሁም። ቀዮቹን ክሮች በመሐረቤ ቋጥሬ በመጀመሪያው አውቶቡስ ተመለስኩ።

ወረቀቱን እኔ እንደወጣሁ ቀድደውት ይሆናል። ቢቀድዱትም አልገረምም። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። ያን ሁሉ ስጽፍ ብዕሩ አልቆመም፤ የዘነበችን ስም ስጽፍ እንኳ አልቆመም። የቆመው ከታች ስሜን ሳኖር ነው። "የከበደ ሚስት" ልል ጀምሬ ሰረዝኩትና "አስካለ ይርጋ" ብዬ ጻፍኩ። አባቴ ከታሰረበት ጠዋት ወዲህ የእኔንና የእሱን ስም አጠገብ ለአጠገብ ሳኖር የመጀመሪያዬ ነው።